«አይመጥንም»፦ ማንቸስተር ዩናይትድ ተጫዋቾቹን ሲመዝን የኖረባቸው ሰማንያ ዓመታት

ቅዳሜ ከሰዓት አዲስ አበባ ውስጥ ወደ አንዱ ዲኤስቲቪ ቤት ጎራ ያለ ሰው ጨዋታው አሥር ደቂቃ ሳይሞላው አንዲት ቃል መስማቱ አይቀርም፤ «አይመጥንም!» ኳስ ከአማካዩ እግር ስታመልጥ ከኋላ ወንበር ትወረወራለች፤ ተከላካዩ ሲታለፍ ትደገማለች፤ ቡድኑ ከተሸነፈማ ሰው ተነሥቶ እስኪወጣ አትቋረጥም። አንድ ሰሞን ማንቸስተር ዩናይትድ በሜዳው ሲሸነፍ ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት ከጎኑ ወዳሉት አዛውንት ዞሮ «ጋሼ፣ እውነት ይሄ ልጅ የማንቼን ማሊያ ይመጥናል ይላሉ?» ሲል ሰማሁት። አዛውንቱ የሻይ ብርጭቋቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳስደገፉ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ፣ «ስለ ፍሌቸርም እንዲሁ ይባል ነበር፤ አንተ አልደረስክበትም» አሉት።

«መመጠን» የኳስ ሜዳ ቃል ብቻ አይደለም፤ ማጀት ውስጥም ዘመድ አለው። ምጥን ሽሮ የምንለው አተሩን ወይም ሽምብራውን ብቻ አይደለም፤ በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ኮረሪማው በየልኩ ሲገባበት ነው ምጥን የሚሆነው። ኮረሪማን ለብቻው አኝኮ «ይሄ ለሽሮ አይሆንም» የሚል ባለሙያ የለም። ኳስ ላይ ግን በየሳምንቱ የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ አንዱን ተጫዋች ነጥለን እንቀምስና እንተፋዋለን። የማንቸስተር ዩናይትድ ያለፉት ሰማንያ ዓመታት የዚህ ፍርድ ጥሩ መዝገብ ናቸው። ክለቡ «ያሉን ልጆች ይበቃሉ?» ብሎ ሳይጠይቅ ያለፈበት ዘመን የለም። መልሱ የሠመረበትም፣ የከሸፈበትም ጊዜ አለ። ከመዝገቡ የምንረዳው ደግሞ ስህተቱ ብዙውን ጊዜ የተጫዋቹ ሳይሆን የሚዛኑ እንደነበር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሻምፒዮኑን ያፈረሰው ሰው

ማት በዝቢ በ1945 ክለቡን ሲረከብ ኦልድ ትራፎርድ በጦርነቱ ቦምብ ተመትቶ ስለነበር ቡድኑ የሚጫወተው በጎረቤቱ በማንቸስተር ሲቲ ሜዳ ነበር። ከዚያ ሁኔታ ተነሥቶ በ1948 የኤፍ ኤ ዋንጫን፣ በ1952 ደግሞ ከ41 ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ አነሣ። ማንም ቢሆን ያንን ቡድን «ይመጥናል» ይለው ነበር። በዝቢ ግን የተመለከተው ዋንጫውን ሳይሆን የተጫዋቾቹን ዕድሜ ነው። ጦርነቱ ምርጥ ዓመታቸውን የበላባቸው ሰዎች ነበሩ፤ ከእንግዲህ የሚሄዱት ቁልቁል ነው። ስለዚህ ሻምፒዮኑን ቡድን ራሱ አፍርሶ ከወጣቶች ቡድን እየመዘዘ መተካት ጀመረ።

ወጣቶቹ ከየትም የተለቃቀሙ አልነበሩም። የእንግሊዝ የወጣቶች ኤፍ ኤ ዋንጫ በ1953 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሸለም የወሰደው ዩናይትድ ነው፤ እስከ 1957 ድረስም ለአምስት ተከታታይ ዓመታት ለማንም አላስነካም። ደንከን ኤድዋርድስ ለዋናው ቡድን ሲሰለፍ ገና 16 ዓመቱ ነበር። በ1956 ሊጉን ያሸነፈው ቡድን አማካይ ዕድሜ ወደ 22 ዓመት ነበር፤ በቀጣዩ ዓመትም ደገመው።

የካቲት መግቢያ ላይ፣ በ6ኛው ቀን 1958፣ የሙኒክ የአውሮፕላን አደጋ 23 ሰዎችን ገደለ፤ ስምንቱ ተጫዋቾች ነበሩ። ኤድዋርድስ ሁለት ሳምንት ያህል ከሞት ጋር ታግሎ በ21 ዓመቱ አረፈ። ከአደጋው 13 ቀን በኋላ ዩናይትድ ከሼፊልድ ዌንስዴይ ጋር የኤፍ ኤ ዋንጫ ጨዋታ ነበረበት። ለተመልካች የተሸጠው የጨዋታ መጽሔት ላይ የዩናይትድ አሰላለፍ ያለበት ገጽ የስም ቦታው ባዶ ነበር፤ ማን እንደሚሰለፍ ለማተሚያ ቤቱ የሚነግር አልተገኘም። በዝቢ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ምክትሉ ጂሚ መርፊ ከተረፉት፣ ከተጠባባቂዎችና በጥድፊያ ከተገዙት አሥራ አንድ ሰው አሰባሰበ። 3 ለ 0 አሸነፉ፤ በግንቦት ደግሞ ለፍጻሜ ደርሰው በቦልተን ተሸነፉ። ከእነዚያ ልጆች አብዛኞቹን ከአንድ ወር በፊት ለዋናው ቡድን ይመጥናሉ የሚል ሰው አልነበረም።

በዝቢ ቡድኑን እንደገና ሠርቶ በ1968 ዌምብሌይ ላይ ቤንፊካን 4 ለ 1 በመርታት የአውሮፓን ዋንጫ አነሣ። በ1952 ያደረገውን ግን አሁን አልደገመውም። ቢል ፎክስ 36፣ ሼይ ብሬናን 31፣ ቦቢ ቻርልተን 30 ዓመታቸው ነበር፤ ዴኒስ ሎው በጉልበት ሕመም ፍጻሜውን ከሆስፒታል ነው የተከታተለው። ከሙኒክ ጀምሮ አብረውት የተጓዙትን ሰዎች «በቃችሁ» ማለት ለበዝቢ ሞት መስሎ ታይቶት ሊሆን ይችላል። በ1969 ሲለቅ ያንን ከባድ ፍርድ ለ31 ዓመቱ ዊልፍ መክጊነስ አወረሰው። መክጊነስ በተጫዋችነቱ ዘመን አብሮት የነበረውን ቻርልተንን፣ እንዲሁም ሎውን ተጠባባቂ ሊያደርግ ሞከረ፤ ከሥልጣን የወረደው ግን ራሱ ነው። የአውሮፓ ሻምፒዮኑ ክለብ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ወረደ።

ሎው በ1973 «አብቅቷል» ተብሎ ያለ ክፍያ ተለቆ ወደ ሲቲ ሄዶ ነበር። ዩናይትድ በወረደበት ወር ኦልድ ትራፎርድ ላይ ጀርባውን ለግቡ ሰጥቶ በተረከዙ ያገባት ግብ እስከ ዛሬ ትወራለች። ዩናይትድን ያወረደችው እሷ አይደለችም፤ በሌሎቹ ሜዳዎች ውጤት ምክንያት ቢያሸንፍም መውረዱ አይቀርም ነበር። ሎው ግን ደስታውን አልገለጸም፤ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። በዚያው ክረምት ለስኮትላንድ በዓለም ዋንጫ ተሰለፈ። ያበቃ የተባለ ሰው ለዓለም ዋንጫ ደረሰ፤ ያላበቃለት የተባለው ቡድን ደግሞ ወረደ።

ፈርጉሰን፦ «ዛሬ አይሆንም» እና «አይመጥንም»

አሌክስ ፈርጉሰን በኅዳር 1986 ሲመጣ ዩናይትድ ከ22 ክለቦች 21ኛ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላም ነገሩ የተሻለ አይመስልም ነበር። በመስከረም 1989 በሲቲ 5 ለ 1 ተቀጣ፤ ዓመቱንም 13ኛ ሆኖ ጨረሰ። በዚያ የሽንፈት ቀን ከተሰለፉት ውስጥ በዚያው ክረምት በውድ የተገዙት ጋሪ ፓሊስተርና ፖል ኢንስ ነበሩ። በዚያን ቀን ምሽት ስለ ሁለቱ ድምፅ ቢሰጥ ኖሮ ውጤቱ ግልጽ ነበር። በ1993 ግን ክለቡ ከ26 ዓመት በኋላ የሊግ ሻምፒዮን ሲሆን የቡድኑ ምሰሶዎች እነሱ ነበሩ።

ቀደም ብሎ በ1990 ፈርጉሰን ጨካኝ የተባለ ውሳኔ ወሰነ። የኤፍ ኤ ዋንጫው ፍጻሜ ከክሪስታል ፓላስ ጋር 3 ለ 3 አልቆ ድጋሚ ጨዋታ ሲመጣ፣ ከአበርዲን ጀምሮ የሚያውቀውን ግብ ጠባቂ ጂም ሌይተንን አስቀምጦ ሌስ ሲሊን አሰለፈ። 1 ለ 0 አሸነፉ፤ ለፈርጉሰን የመጀመሪያው የዩናይትድ ዋንጫ ሆነ። ውሳኔው ትክክል ነበር ማለት ይቻላል። ሌይተን ግን ስሙ ተሰበረ፤ ለብዙዎች ያበቃ ግብ ጠባቂ ሆነ። ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ ሰኔ 1998፣ የፈረንሳይ ዓለም ዋንጫ በብራዚልና በስኮትላንድ ጨዋታ ሲከፈት፣ ከነሮናልዶ ፊት ግቡ ሥር የቆመው የ39 ዓመቱ ሌይተን ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ፍርዶች ተምታተውብናል። «ዛሬ አይሆንም» የአሰልጣኝ ሥራ ነው፤ ለአንድ ጨዋታ፣ ለአንድ ቦታ፣ ለአንድ ሁኔታ የሚሰጥ። «አይመጥንም» ግን የሰውን ችሎታ ጠቅላላ ለዘለዓለም የሚዘጋ ነው። ፈርጉሰን የፈረደው የመጀመሪያውን ነው፤ ሰው የሰማው ሁለተኛውን።

በ1995 ነገሩ ተገለበጠ። ፈርጉሰን በአንድ ክረምት ኢንስን፣ ማርክ ሂዩዝንና አንድሬ ካንቼልስኪስን ሸጦ በምትካቸው ልጆች አሰለፈ። በመክፈቻው ጨዋታ አስተን ቪላ 3 ለ 1 ረታቸው፤ በዚያው ምሽት አለን ሃንሰን በቢቢሲ ቴሌቪዥን ላይ በልጆች ምንም ማሸነፍ እንደማይቻል ተናገረ። ንግግሩ እስከ ዛሬ ይሳቅበታል፤ ምክንያቱም በግንቦት ዩናይትድ ሊጉንም ኤፍ ኤ ዋንጫውንም ጠቅልሎ ወሰደ። ሃንሰን ግን ሞኝ አልነበረም፤ ከሊቨርፑል ጋር ስምንት ጊዜ የሊግ ሻምፒዮን የሆነ ተከላካይ ነው። ስህተቱ ሌላ ነው፤ የቀመሰው ያልተሟላ ድስት ነበር። በዚያን ቀን ካንቶና በቅጣት፣ ጊግስና ብሩስም አልተሰለፉም። ልጆቹ ዋንጫ ያነሡት ብቻቸውን አይደለም፤ ከኋላ ሽማይክል፣ ብሩስና ፓሊስተር፣ መሐል ላይ ኪን፣ ፊት ላይ ካንቶና ነበሩላቸው። እነ ቤካም፣ ስኮልስ፣ በትና ሁለቱ ኔቪሎች በጠነከረ አጥር ውስጥ የበቀሉ ችግኞች ነበሩ። ስለዚህ ዛሬ «ልጆቹን አስገቧቸው፣ በ1995ም እንዲሁ ተደርጓል» የሚለውም ደጋፊ የሃንሰንን ስህተት ገልብጦ እየደገመው ነው፤ ልጆቹን ያያል፣ አጥሩን አያይም።

ኪን የተቻቸው ልጆች

አዛውንቱ ያነሡት ፍሌቸር የ2005 ታሪክ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ዩናይትድ በሚድልስብሮ 4 ለ 1 ተሸነፈ። የተጎዳው አምበል ሮይ ኪን ለክለቡ ቴሌቪዥን በሰጠው አስተያየት የቡድን ጓደኞቹን ክፉኛ ተቸ፤ ዳረን ፍሌቸር፣ ጆን ኦሼይና ሪዮ ፈርዲናንድ ከተተቹት መካከል እንደሆኑ በወቅቱ በሰፊው ተዘግቧል። ክለቡ ፕሮግራሙን ሳያስተላልፈው ቀረ፤ ኪን በሳምንታት ውስጥ ተሰናበተ። በታኅሣሥ ቡድኑ ከሻምፒዮንስ ሊግ ምድቡ የመጨረሻውን ደረጃ ይዞ ወጣ። ለፈራጅ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

ፍሌቸር ግን ከሚድልስብሮው ጨዋታ ስምንት ቀን በኋላ በግንባሩ ባገባት አንድ ግብ በሊጉ 40 ጨዋታ ያልተሸነፈውን ቼልሲን አስቆመ። በ2009 የሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ላይ በአርሰናል ሜዳ ቀይ ካርድ ሲያይና ከባርሴሎና ጋር ከሚደረገው ፍጻሜ ሲቀር፣ «አይመጥንም» ይሉት የነበሩት ሰዎች «ምነው ፍሌቸር በኖረ!» ማለት ጀመሩ።

በጥር 2006 ደግሞ ኔማኒያ ቪዲችና ፓትሪስ ኤቭራ መጡ። ኤቭራ በመጀመሪያ ጨዋታው በሲቲ ሜዳ እጅግ ተቸግሮ በእረፍት ሰዓት ተቀየረ፤ ጨዋታውም 3 ለ 1 በሽንፈት አለቀ። በእነዚያ 45 ደቂቃዎች ቢፈረድበት ኖሮ ወደ ሞናኮ የሚመለስበት ትኬት ይቆረጥለት ነበር። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው ሞስኮ ላይ የአውሮፓን ዋንጫ ባነሣው ቡድን ውስጥ ኤቭራም፣ ቪዲችም፣ አምበል ሆኖ ፈርዲናንድም ተሰልፈው ነበር።

ታላቁ ዳኛ ራሱ አልተሳሳተም ማለት ግን አይደለም። ፈርጉሰን በ2001 ያፕ ስታምን ከጉዳት በኋላ ፍጥነቱ ቀንሷል ብሎ ለላትሲዮ ሸጠው፤ በ35 ዓመቱ ሎራን ብላንም ተካው። ስታም ከአራት ዓመት በኋላ ከኤሲ ሚላን ጋር ለሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ደረሰ፤ ፈርጉሰንም መሳሳቱን በኋላ አምኗል። ፖል ፖግባ በ2012 ከሞላ ጎደል በነጻ ሄዶ በ2016 በ89 ሚሊዮን ፓውንድ ተመልሷል። እንዲህ ያለ ሰው ከተሳሳተ እኛ ከኋላ ወንበር የምንፈርደው ትንሽ ረጋ ማለት ይገባን ነበር።

አንድ ቡድን፣ ሁለት ፍርድ

በ2013 የሆነው ሳይንቲስት ያዘጋጀው ሙከራ ይመስላል። ፈርጉሰን በ89 ነጥብ፣ ተከታዩን በ11 ነጥብ በልጦ ዋንጫውን አንሥቶ ተሰናበተ። ዴቪድ ሞይስ በመሠረቱ ያንኑ ቡድን ተረከበ፤ በክረምቱ የጨመረው ዋና ሰው ማሩዋን ፌላይኒ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ክለቡ በ64 ነጥብ 7ኛ ሆነ፤ ሞይስም ዓመቱ ሳያልቅ ተባረረ። ተጫዋቾቹ ያው፣ ማሊያው ያው፣ ነጥቡ ግን በ25 ያነሰ።

ታዲያ ቡድኑ ይመጥን ነበር ወይስ አይመጥንም? አንዱ ወገን «ፈርጉሰን ደካማ ቡድን ነበር ሸፋፍኖ የያዘው» ይላል፤ ሌላው «ሞይስ ጥሩውን ቡድን አበላሸው» ይላል። ሁለቱም ጊዜን ይረሳሉ። ፈርዲናንድ 34፣ ኤቭራ 32፣ ቪዲች 31፣ ጊግስ 39 ደርሰው ነበር፤ ስኮልስ ጫማውን ሰቅሏል። ቫን ፐርሲ በዚያ ዓመት 26 የሊግ ግቦች አስቆጥሮ በሚቀጥለው ዓመት በጉዳት ተመላለሰ። ያ ቡድን ለአንድ የመጨረሻ ዳገት የሚበቃ ስንቅ ነበረው፤ ለሁለተኛው አልነበረውም። በ2014 ክረምት ፈርዲናንድ፣ ቪዲችና ኤቭራ ሦስቱም ወጡ። የ1968ቱ ታሪክ ነው የተደገመው፤ ዋንጫው ዕድሜን ሸፈነ።

ከዚያ በኋላ ክለቡ ለዝውውር ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ አፍስሷል። አሰልጣኙ ጆዜ ሞሪንሆ በ2018 በ81 ነጥብ ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ ሳቁበት፤ እሱ ግን ከሥራ ዘመኑ ታላላቅ ስኬቶች አንዱ እንደሆነ በኋላ ተናገረ። በ2022 ጊዜያዊ አሰልጣኙ ራልፍ ራንግኒክ ክለቡ የልብ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፣ እስከ አሥር አዳዲስ ተጫዋች ሊገዛ ይገባል አለ። በቀጣዩ ዓመት ኤሪክ ቴን ሃግ ጥቂት ሰዎችን ጨምሮ በ75 ነጥብ 3ኛ ሆነ፤ ሁሉም «ተሻለው» አለ። በ2025 ደግሞ ክለቡ በ42 ነጥብ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ።

በዚህ መሐል አንድ የጓሮ ልጅ ተሸጠ። ስኮት ማክቶሚኔይ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በክለቡ ያደገ ነው፤ ደጋፊው ግን ለዓመታት «ጉልበት እንጂ ኳስ የለውም» ይለው ነበር። በ2023 ከብሬንትፎርድ ጋር ተቀይሮ ገብቶ በባከነ ሰዓት ሁለት ግብ አግብቶ ጨዋታውን ሲገለብጥ እንኳ ፍርዱ አልተሻረም። በነሐሴ 2024 ወደ ናፖሊ ሄደ። በሽያጩ ውስጥ የሒሳብ ደብተርም እጅ ነበረበት፤ በፕሪሚየር ሊጉ የፋይናንስ ደንብ ክለቡ ራሱ ያሳደገው ተጫዋች ሲሸጥ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ እንደ ትርፍ ይመዘገባል። ኔፕልስ ላይ አንቶኒዮ ኮንቴ ወደ ግቡ አስጠግቶ አሰለፈው። 12 የሊግ ግብ አስቆጠረ፣ ናፖሊ ሻምፒዮን ሆነ፣ እሱም የጣሊያን ሴሪ ኤ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በተመሳሳይ ወቅት ከ80 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጥቶበት ማንቸስተር ላይ መሳለቂያ የነበረው አንቶኒ በውሰት ወደ ቤቲስ ሄዶ ቡድኑን ለአውሮፓ ኮንፈረንስ ሊግ ፍጻሜ ካደረሱት አንዱ ሆነ። በስድስት ወር ውስጥ የሰው እግር አይለወጥም፤ የተለወጠው ድስቱ ነው።

ሚዛኑን መመዘን

እንግዲህ ምን ይደረግ? ፍርድ ይቅር ማለት አይቻልም። ለአንድ ፍሌቸር ዕድል ተሰጥቷቸው ምንም ሳያሳዩ የሄዱ በርካታ ናቸው፤ በዝቢም በ1952 ባይፈርድ ኖሮ የ1956ቱ ቡድን አይፈጠርም ነበር። ጥያቄው በምን ቁና እንስፈር ነው።

የደጋፊ ቁና ትዝታ ነው። ዛሬ ያሉትን ልጆች በ1999 ሦስት ዋንጫ ከጠቀለለው ቡድን ጋር ያስተያያቸዋል። ያ ቡድን ሊጉን ያሸነፈው በ79 ነጥብ ነው። በ2019 ግን ሊቨርፑል 97 ነጥብ ይዞ ሁለተኛ ሆኗል። የተቀናቃኙ ቁመት ሲረዝም የራስህ ሰው ሳያጥር አጭር ይመስላል።

የባለሙያ ቁና ቁጥር ነው። የእንግሊዝ አየር ኃይል የሒሳብ ሠራተኛ የነበረው ቻርልስ ሪፕ ከ1950 ጀምሮ በእርሳስና በወረቀት ጨዋታዎችን ሲመዘግብ አብዛኛው ግብ የሚመጣው ከሦስት ቅብብል ባልበለጠ እንቅስቃሴ መሆኑን አየ፤ ከዚያም «ኳሷን በረጅሙ ላኳት» ወደሚል መደምደሚያ ሄደ። የዘነጋው ነገር፣ በጨዋታ ውስጥ አብዛኛው እንቅስቃሴ ቀድሞውኑ ከሦስት ቅብብል የማያልፍ መሆኑን ነው። ዛሬ እያንዳንዱ ምት ግብ የመሆን ዕድሉ ይሰላል፤ መሣሪያው እጅግ ተሻሽሏል። ሆኖም ቁጥሩ የሚናገረው ተጫዋቹ በዚህ ቡድን፣ በዚህ ቦታ ያደረገውን ነው። ማክቶሚኔይ ኔፕልስ ላይ ሊያደርግ የሚችለውን ለማወቅ የእግሩን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የቆመበትን ቦታም መጠየቅ ያስፈልግ ነበር።

ሌስተር ሲቲ በ2015 በ41 ነጥብ 14ኛ ሆኖ በቀጣዩ ዓመት በ81 ነጥብ ሻምፒዮን ሲሆን ጄሚ ቫርዲም፣ ሪያድ ማሕሬዝም፣ ዌስ ሞርጋንም ቀድመው እዚያው ነበሩ። አሰልጣኙ ተቀየረ፤ ከፈረንሳዩ ካን ደግሞ ንጎሎ ካንቴ የሚባል ብዙ ሰው የማያውቀው አማካይ መጣ። ሽሮው ያው ሆኖ የጎደለው ቅመም ገባበት።

ወደ ዲኤስቲቪ ቤቱ ልመለስ። ጨዋታው አልቆ ወንበር ሲንኳኳ ወጣቱ ነገሩን አልተወውም። «እሺ ጋሼ፣ ፍሌቸርን ይተዉት፤ ይሄኛውን ይንገሩኝ፤ ይመጥናል አይመጥንም?» አላቸው። አዛውንቱ የሻዩን ሒሳብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ኮታቸውን እያስተካከሉ ተነሡ።

«ከማን ጋር?» አሉት፤ መልስም ሳይጠብቁ ወጡ።